ግብፅ የእስላም አገር የሆነችበት መንገድ

አንድ ሕዝብ ሃይማኖቱን ለወጠ ሲባል ብዙ ሰው በልቡ የሚያስባት አንዲት ቀን ናት፤ ሰይፍ ሲመዘዝ፥ ከተማ ሲከበብ፥ በነጋታውም ሕዝቡ ሁሉ በአዲስ ጸሎት ሲጸልይ ይታየዋል። የግብፅ ታሪክ ግን ይህን አሳብ አይደግፍም። የዐረብ ጦር በአምር ኢብን አል-ዐስ መሪነት ወደ ግብፅ በገባ ጊዜ፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ639 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዘመናት በዚሁ የተቈጠሩ ናቸው)፥ ከአገሩ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ክርስቲያን ነበረ። ዛሬ ከዐሥር ግብፃዊ ዘጠኙ ያህል እስላም እንደ ሆነ ይገመታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው፤ ሊቃውንትም እስላሙ ከክርስቲያኑ የበዛበት ጊዜ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ነው ወይስ ዐሥራ አራተኛው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግዲህ ይህ ታላቅ ነገር በምን መንገድ እንደ ተፈጸመ መመርመር ይገባል፤ ይልቁንም እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ድረስ ጳጳስዋን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል ለኖረች ለኢትዮጵያ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አስቀድሞ ሁለቱን ሃይማኖቶች አስተያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ክርስቲያንም እስላምም ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አንድ አምላክ አለ ብለው ያምናሉ፤ ሁለቱም አብርሃምን አባት ይሉታል፤ ሁለቱም ጸሎትን፥ ጾምንና ምጽዋትን ያዝዛሉ፤ ሁለቱም ትንሣኤ ሙታንንና የፍርድን ቀን ይጠብቃሉ። ቁርዓንም ድንግል ማርያምን እጅግ ያከብራል፥ በስሟ የተጠራ ምዕራፍም አለው። የሚለያዩበት ዋናው ነገር ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ የሚናገሩት ነው። ክርስቲያን የእግዚአብሔር ልጅ ነው፥ ተሰቅሎ ሞቶ ተነሣ ይላል፤ እስላም ግን ከታላላቆቹ ነቢያት አንዱ ነው ይላል እንጂ አምላክነቱንም ስቅለቱንም አይቀበልም።

ከዚህ ሌላ ለታሪክ ብዙ የሚያስረዳ ልዩነት አለ። ክርስትና እስከ ቈስጠንጢኖስ ዘመን ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በባዕድ ገዥ ሥር የኖረ ሃይማኖት ነው። መሐመድ ግን በ622 ወደ መዲና ከተሰደደ በኋላ መምህርም፥ ዳኛም፥ የጦር አለቃም ሆነ፤ ስለዚህ በእስልምና የሃይማኖቱ ሕግና የመንግሥቱ ሕግ አብረው አደጉ። ይህም ሕግ ክርስቲያኖችንና አይሁድን «የመጽሐፍ ሰዎች» ብሎ በሃይማኖታቸው እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ ነገር ግን ጅዝያ የሚባል የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለባቸው፥ ከእስላሙም ዝቅ ብለው እንዲኖሩ አዘዘ። ደግሞ የመግቢያውና የመውጫው በር እኩል አልነበረም። ወደ እስልምና ለመግባት የሃይማኖቱን ቃል በምስክር ፊት መናገር ይበቃ ነበረ፤ ከገቡ በኋላ መውጣት ግን እንደ ጥንቱ የሕግ ሊቃውንት ፍርድ በሞት ያስቀጣ ነበረ።

ይሁን እንጂ የግብፅ ክርስቲያኖች የመጀመሪያ መከራቸው ከእስላም አልመጣም። በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የቍስጥንጥንያ ነገሥታት የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን መናፍቅ እያሉ አሳደዷት። ንጉሡ ሕርቃል የሾመው ቂሮስ ሕዝቡን በግድ ወደ ጉባኤው ሃይማኖት ሊመልስ በተነሣ ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ብንያሚን ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል በገዳማት ተሸሽገው ኖሩ። ወደ መንበራቸው በደኅና እንዲመለሱ የፈቀደላቸው ያው የዐረቡ አለቃ አምር ነው። ክርስቲያን ክርስቲያንን ሲያሳድድ እስላሙ ገዥ መጠጊያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙዎች የገዥውን መለወጥ እንደ ዕረፍት ቈጠሩት እንጂ ሃይማኖታቸው የሚጠፋበት መንገድ እንደ ተጀመረ አላሰቡም።

መንገዱ የተጀመረው በግብር ነው። ጅዝያ የተጣለው በጐልማሳ ወንድ ላይ ነበረ፤ ሴትና ሕፃን አይከፍሉም፥ መነኮሳትም በመጀመሪያው ጊዜ አይከፍሉም ነበረ። ነገር ግን ዐብድ አል-ዐዚዝ ኢብን መርዋን ግብፅን ሲገዛ (685–705) ልጁ አል-አስባግ በየመነኵሴው ራስ ላይ አንድ አንድ ዲናር ጣለ። ከዚያ ወዲያ ግብሩ እየከበደ ሄደ፤ ገበሬውም ደጋግሞ ዐመፀ። የመጨረሻው ታላቅ ዐመፅ በአባይ አፍ ረግረግ ውስጥ የሚኖሩ የበሽሙር ሰዎች ያነሡት ነው። በ832 ከሊፋው አል-ማሙን ራሱ ወደ ግብፅ ወርዶ አጠፋቸው፤ ወንዶቹ ተገደሉ፥ ሴቶቹና ልጆቹ ተማረኩ። ከዚህ በኋላ የግብፅ ክርስቲያኖች በጦር መሣሪያ አልተነሡም። ድኻው ገበሬም በየዓመቱ ሁለት ነገር ብቻ ይታየው ጀመር፤ ወይ ገንዘቡን ማምጣት፥ ወይ ያችን አጭር ቃል መናገር።

ሁለተኛው መንገድ ቋንቋ ነው። በ706 ገደማ የመንግሥቱ መዝገብ ሁሉ በዐረብኛ እንዲጻፍ ታዘዘ። ከዚያ አስቀድሞ መዝገቡ የሚጻፈው በጽርዕና በቅብጥ ቋንቋ ነበረና፥ ጸሐፊነቱን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ የኖሩት ክርስቲያኖች እንጀራቸውን እንዳያጡ ዐረብኛ ተማሩ። ልጆቻቸው በዐረብኛ አሰቡ፥ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ቋንቋ ረሱ። በዐሥረኛው ምዕት ዓመት የአሽሙናይን ኤጲስ ቆጶስ ሳዊሮስ ኢብን አል-ሙቀፋዕ መጻሕፍቱን በዐረብኛ የጻፈው፥ ሕዝቡ የገዛ ቋንቋውን እየረሳ መሄዱን አይቶ ነው። በቅዳሴ የሚሰማውን ቃል የማያስተውል ሰው፥ ጎረቤቱ በሚያስተውለው ቋንቋ ሌላ ነገር ቢነግረው ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማንም ግልጥ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሹመትና ጋብቻ ነው። ከፍ ወዳለ ማዕርግ ለመድረስ የሚሻ ጸሐፊ ውሎ አድሮ ለመስለም ይፈተን ነበረ። በጋብቻም እስላም ወንድ ክርስቲያን ሴት ቢያገባ ይፈቀድለታል፤ ልጆቹ ግን የአባታቸውን ሃይማኖት ይይዛሉ። ክርስቲያን ወንድ እስላም ሴት ሊያገባ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በየትውልዱ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያዘነብል ኖረ።

የሰይፍና የግዳጅ ጊዜም አልነበረም ማለት አይደለም። ከሊፋው አል-ሐኪም (996–1021) አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰ፤ በ1009 በኢየሩሳሌም የጌታን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ያስፈረሰ እርሱ ነው። ከፍርሃትም የተነሣ ብዙዎች ሰለሙ። ነገር ግን ይኸው ከሊፋ በግዛቱ መጨረሻ ዓመታት የወደደ ወደ ሃይማኖቱ ይመለስ ብሎ በፈቀደ ጊዜ ብዙዎች ተመለሱ። ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን፤ በፍርሃት በአንድ ቀን የወጣው ሰው በሩ ሲከፈትለት ተመለሰ፤ በግብር፥ በሹመትና በቋንቋ ቀስ እያለ የወጣው ግን አባቶቹ ክርስቲያን መሆናቸውን እንኳ ረሳ።

የመጨረሻው ታላቅ ለውጥ የሆነው መምሉኮች በነገሡበት ዘመን (1250–1517) ነው። በ1301 ክርስቲያን ሰማያዊ፥ አይሁዳዊ ቢጫ ጥምጥም እንዲጠመጥም ታዘዘ፤ በ1321 ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጊዜ ፈረሱ። ዐፄ ዐምደ ጽዮን ይህን ሰምተው በ1325 ገደማ ወደ ካይሮ መልእክተኛ ልከው፥ አብያተ ክርስቲያናቱ ካልታነጹ የአባይን ውሃ እንደሚመልሱ ዛቱ። በ1354 ግን 25,000 ፈዳን ያህል የቤተ ክርስቲያን ርስት ተወረሰ። አል-መቅሪዚ የተባለው እስላም ታሪክ ጸሐፊ በቀልዩብ ከተማ በአንድ ቀን 450 ሰዎች እንደ ሰለሙ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ድኾችዋን የምትመግብበት፥ መምህራንዋንም የምታሳድርበት መሬት በተወሰደ ጊዜ መንጋው ተበተነ። ከዚህ በኋላ በአቡነ ማቴዎስ ቀዳማዊ ዘመን (1378–1408) ሰልመው የነበሩ ሰዎች በአደባባይ ወደ ክርስትና ተመልሰው በሰይፍ ሞቱ፤ ቍጥራቸው ግን ከሄዱት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነበረ።

ጥፋቱን ሁሉ በገዥዎች ላይ መጣል ደግሞ እውነት አይሆንም። አቡነ ዮሐንስ ስድስተኛ በ1216 ካረፉ በኋላ ክርስቲያኖቹ ማን ይሾም በማለት ተጣልተው የእስክንድርያ መንበር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ባዶውን ኖረ። በ1235 የተሾሙት ቄርሎስ ሦስተኛ ኢብን ለቅለቅ ክህነትን በገንዘብ ሸጡ። እረኛ በሌለበት፥ ወይም እረኛው ነጋዴ በሆነበት ጊዜ በጉ ወደ ሌላ በረት ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም።

ታዲያ የቀሩት በምን ቀሩ? ይህን ለማስተዋል ከግብፅ በስተ ምዕራብ ያለውን አገር ማየት ይጠቅማል። አውግስጢኖስን ያፈራችው የካርታጎ ቤተ ክርስቲያን በጥንት ዘመን በመቶ የሚቈጠሩ ጳጳሳት ነበሩዋት። በ1076 ግን አንድ ጳጳስ ለመሾም የሚያስፈልጉ ሦስት ጳጳሳት በአፍሪቃ እንዳልተገኙ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ ጽፈዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፈጽማ ጠፋች። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ እስከ መጨረሻው ላቲን ነበረ፤ በዐረብኛ የጻፈችው መጽሐፍ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ግን በበረሃ ገዳማት ነበሩዋት፤ ደግሞ ሕዝቡ ቋንቋውን በለወጠ ጊዜ እርስዋ ሃይማኖትዋን ሳትለውጥ ቋንቋውን ተከተለችው። አቡነ ገብርኤል ኢብን ቱረይክ (1131–1145) ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያትንና ጸሎተ ሃይማኖትን በሚሰማው በዐረብኛ እንዲማር አዘዙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። በዚያው በቄርሎስ ዘመን፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ በገዛ ልጆችዋ ጠብ በታመመች ጊዜ፥ አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል የተባለው ሊቅ በ1238 የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ሰብስቦ በዐረብኛ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ ፍትሐ ነገሥት ተባለ፤ የኢትዮጵያ ነገሥታትም ብዙ ዘመን ፈረዱበት። ስንክሳሩና ሌሎችም ብዙ መጻሕፍት የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። የእስላም ነገሥታት ቋንቋ ለቅብጦች የመጥፊያ በር ይሆናል ሲባል የመጽሐፍ መሸከሚያ ሆነ፤ ለኢትዮጵያም ደረሰ።

ጅዝያ በግብፅ የቀረው በ1855 በሰዒድ ፓሻ ትእዛዝ ነው። ከአምር መግባት ጀምሮ ሲቈጠር ከዐሥራ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በየዓመቱ ዋጋ እየከፈሉ ሃይማኖታቸውን ይዘው የኖሩት፥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ፥ ከአንድ ወንዝ እየጠጡ፥ አንዱን እርሻ እያረሱ ነው። ታሪካቸው የሚያስተምረው ጎረቤትን መጥላት አይደለም። ሃይማኖት የሚጠፋው ጠላት በመጣበት ቀን ሳይሆን፥ አባት ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ማስተማሩን በተወበት ቀን መሆኑን ነው።