አልነሳ ያለ መኪና፦ በጣና ዳር የመካኒኮች ሙያ ከየት መጣ?

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወደ አዴት የሚያወጣው መንገድ በሰባታሚት በኩል ያልፋል። አዴትን፣ ሞጣንና ቢቸናን አቋርጦም ደጀን ላይ ከአዲስ አበባው ዋና መንገድ ጋር ይገጥማል። እህል የጫነ አይሱዙ፣ ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ፣ ገበያተኛ ያሳፈረ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። ከእነዚህ አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ አልነሳ ሲል ከከበበው ሰው መካከል አስተያየት የማይሰጥ አይገኝም። ባትሪው ነው የሚል አለ፤ ነዳጁ ውኃ ገብቶበታል የሚል አለ፤ እንግፋው ብሎ እጅጌውን የሚሰበስብም አይጠፋም። ሙያውን የሚያውቀው ሰው ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሹፌሩን ይጠይቃል፦ ‹‹ድንገት ነው የጠፋብህ ወይስ እየተንገጫገጨ?››

የዚህ ጥያቄ መልስ የሥራው ግማሽ ነው። ድንገት ቀጥ ያለ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያጣው የኤሌክትሪክ እሳት ነው፤ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበቱ እየደከመ የቆመ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አልደረሰውም። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበለ የተማረ መካኒክ በጣና ዙሪያ ብዙ ነው። ዕውቀቱ እዚህ የደረሰው በጦርነት፣ በመንገድ ርቀትና በመለዋወጫ እጥረት ተገፍቶ ሲሆን ዕድሜውም ዘጠና ዓመት ገደማ ነው።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ለጣና ዳር ሰው ግን ሞተር በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። የጣሊያን ፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በጭነት መኪና የተጓጓዘ ጦር እየመራ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይም ጦሩ ወደ ሐይቁ ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ። በመኪና የሚዋጋ ጦር ያለ መካኒክ አንድ ሳምንት አይራመድምና፣ ከመኪናው ጋር መፍቻውም፣ ዘይቱም፣ የጥገና ዘዴውም አብሮ መጣ።

አምስት ዓመት ቆይቶ ይህን ጦር ከጎጃም ያስወጡት አርበኞችና አብሯቸው ከሱዳን የገባው የጌዴዎን ጦር በሞተር የታደሉ አልነበሩም። የጌዴዎን ጦር በ1933 ዓ.ም. ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው በአብዛኛው በግመል ነው። ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ተነድተው ከሞላ ጎደል ሁሉም አልቀዋል። የጎጃም ገደልና ድንጋይ በዚያ ዘመን ለመኪና ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ መሬት ላይ መኪና የሚነዳ ሰው፣ መኪናው ሲቆም ራሱ ካላስነሳው ማንም አይደርስለትም።

ወረራው ሲያበቃ ጣሊያኖቹ ሁሉ አልሄዱም። በአገሪቱ ጋራዦች ለዓመታት የሠሩ ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በእጃቸው ሥር ሙያውን ቀስመዋል። ዛሬ በባሕር ዳር አንድ መካኒክ ሞተሪኖ ፍታ፣ ካንዴላውን አውጣ፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ዳዶውን አጥብቅ ሲል የሚናገረው ከዚያን ጊዜ ጣሊያናዊ ሠራተኛ አፍ በወረሰው ቃል ነው። በኋላ የመጡት ሩሲያውያንም ጃፓኖችም መኪናውን ለወጡት እንጂ ይህን ስም አልነኩትም።

የሙያው እውነተኛ ትምህርት ቤት ግን የጭነት መኪናው ነበር። በተለይ ፊያት 682፣ ሹፌሮች ‹‹ኤንትሬ›› የሚሉት፣ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን እህል፣ ነዳጅና ሸቀጥ የተሸከመ መኪና ነው። ሹፌሩ አጠገብ ረዳት ይቀመጣል። ረዳቱ ታኮ ያስገባል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ጭነት ያስራል፣ ሌሊት መኪናውን ይጠብቃል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ዋናው ክፍያ ሲበላሽ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣው የአባይ ሸለቆ አለ። በቤንዚን የሚሠሩ መኪኖች ከሸለቆው ሥር ሙቀት ሲደርሱ ካርቡራቶር ጋ ሳይደርስ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይፈላና ወደ ትነት ይለወጣል፤ ፓምፑም ትነትን መግፋት አይችልም። መኪናው ይቆማል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነው፦ የነዳጅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠምጥሞ ጥቂት መጠበቅ። ይህን የማያውቅ ሹፌር ጤነኛውን ካርቡራቶር ፈታቶ እዚያው ያድራል።

እንዲህ ያለው ልምድ ነው ቀስ በቀስ ቅደም ተከተል ያለው ምርመራ የሆነው። የቤንዚን ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ የሚያዞረው ጉልበት፣ እሳት፣ ነዳጅና የታመቀ አየር። ጥሩ መካኒክ በዚህ ተራ ይሄዳል፤ አንዱን ሳያጸዳ ወደ ሌላው አይዘልም።

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ መብራቱ ይበራል፤ መብራቱም ከሌለ ባትሪው ወይም የባትሪው ገመድ ነው። ሞተሪኖው አንዴ ‹‹ጠቅ›› ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ከደበዘዘ ጉልበት አንሷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ‹‹ጠቅ›› ብቻ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪው ሳይሆን ገመዱ የሚታሰርበት ራስ ላይ የተጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነው፤ ሙቅ ውኃ አፍስሶ፣ ፍቆ ማጥበቅ ይበቃል። የቮልት መለኪያ ያለው ደግሞ በቁጥር ይናገራል፦ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ወደ እሳት ይኬዳል። አንዱ ካንዴላ ይወጣል፣ ከገመዱ ጋር ሞተሩ አካል ላይ ይጋደማል፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ወደ ኮይሉና ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይወረዳል። በድሮዎቹ መኪኖች እዚያ ውስጥ ያለችው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ክፍተት ያላት የእሳት መቆራረጫ ስትቃጠል ወይም ክፍተቷ ሲጠብ ሞተሩ ይሞታል፤ በመንገድ ላይ በክብሪት ሳጥን ጎን ተፍቃ ትጸዳ ነበር። የወጣው ካንዴላም ራሱ ይናገራል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ርሶ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ታፍኗል፤ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል።

ይህ የመጨረሻው በጣና ዳር የራሱ ምክንያት አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አውሮፓ ውስጥ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል። ከከተማው ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። የአካባቢው መካኒኮች ካርቡራቶሩን እንደገና ማስተካከል የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡም ድርሻ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ውኃ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ውስጡ ሲረጥብ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በእርጥበቱ ያመልጣል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መግጠም ብቻውን ስንቱን መኪና አስነስቷል!

ሌላው የቦታው ጠባይ ሜዳነቱ ነው። ዳገት በበዛበት ከተማ ባትሪው የደከመበት ሹፌር ማታ ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጠዋት እያንደረደረ በማርሽ ያስነሳል። ባሕር ዳር ላይ ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ይህን ዕድል የሚሰጥ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መኪና የሚነሳው በሰው ትከሻ ነው፤ ሦስት አራት መንገደኛ ሳይጠራ ይመጣል፣ ይገፋል፣ ሲነሳም ምስጋና ሳይጠብቅ መንገዱን ይቀጥላል።

ናፍታ ሌላ ጠባይ አለው። ካንዴላ የሚተኩሰው እሳት የለውም፤ አየሩ በኃይል ታምቆ ሲግል ነው ናፍታው የሚነደው። ታንከሩ አንዴ ከተሟጠጠ ወይም ማጣሪያው ሲቀየር አየር ከገባ፣ ነዳጅ ቢሞላም አይነሳም። መካኒኩ ማጣሪያው ላይ ያለውን ብሎን ያላላል፣ በእጅ ፓምፑ ይገፋል፤ አረፋ ይወጣል፣ ከአረፋው በኋላ ጥርት ያለ ናፍታ ሲፈስ ያጠብቃል። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ እንዲሁ ያስተነፍሳል። የወጌሻ ጣት አጥንት ሲፈልግ እንደሚታገሠው ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰው ባትሪውን ይጨርስና ሁለት ችግር ይገጥመዋል።

ሙያው ከጋራዥ ወደ ክፍል የገባው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ነው። ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የእርሻ መካኒክ ነበር። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በፍጥነት ታድግ ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀምረዋል። ከተቋሙ የወጡ ወጣቶች ሥዕል ማንበብ፣ መለካት፣ ለምን የሚለውን መመለስ ይችሉ ነበር። የረዳትነት ልጆች ደግሞ ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች የተገናኙበት ጋራዥ ምርጥ ጋራዥ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። በደርግ ዘመን ዚሉ፣ ኡራሉና የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ሲበዙ ይህ ጥምረት ጠቀመ፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ከአሮጌው ላይ ቆርጦ፣ በየዶ፣ ሞርዶ ማስነሳት ግዴታ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን መለዋወጫን አቀረበ፤ ምርመራን ግን ጎዳ። ርካሽ ዕቃ ገበያውን ሲሞላ ‹‹እስቲ ይህን ቀይረን እንየው›› የሚል ልማድ ገባ። ባለመኪናው ኮይል ይገዛል፣ አይነሳም፤ ፓምፕ ይገዛል፣ አይነሳም፤ በመጨረሻ የተገኘው የተቃጠለ ፊውዝ ይሆናል። ይህ ጥገና ሳይሆን በሰው ገንዘብ መገመት ነው። የሚያጽናናው አዲስ ትምህርት ቤት መገኘቱ ነው፦ ባጃጅ። አንድ ሲሊንደር፣ ትንሽ ሞተር፣ እሳቱም ነዳጁም በዓይን የሚከተሉት ነው። የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ብዙው የራሱን ካንዴላ ፈቶ ማየት ያውቃል፤ ጥሩ መካኒክ ከሆኑ ወጣቶችም በዚህ በር የገቡ አሉ።

ኮምፒውተር ያለው መኪና ሲመጣ አንዳንድ የቀድሞ ዘዴ ሥራ አጣ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን ቪትዝ ገፍቶ ማስነሳት አይቻልም። በቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ መኪናው ካላወቃት ብዙ ጊዜ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ካንዴላ ቢቀየር ምንም አይፈይድም። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው አስገድዳለች፤ ዛሬ እጅ የምታህል ኮድ ማንበቢያ በየጋራዡ አለች። ግን ኮዱ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፒ 0335 የሚለው ኮድ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ሴንሰሩ ይሁን፣ አይጥ የበላችው ገመድ ይሁን፣ የላላ ሶኬት ይሁን አይናገርም። ያንን የሚለየው አሁንም ቮልት መለኪያ የያዘ፣ ተራውን የማይዘል ሰው ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ካንዴላም ናፍታም የሌለበት መኪና በየመንገዱ ይታያል። እሱም አልነሳ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከቤንዚን መኪና የወረሰው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሱ ከሞተ የትልቁን ባትሪ ማገናኛ የሚዘጋ ኃይል የለም፣ አንዳንዴ በሩም አይከፈትም። በሰባታሚት መንገድ ዳር የተማረ መካኒክ ይህን በቮልት መለኪያው ወዲያው ያገኘዋል። ከዚያ አልፎ ያሉት ብርቱካንማ ገመዶች ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከሙ በልምድ ብቻ አይነኩም። ከፖሊ ቴክኒኩ የበቀለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቀድሞ የረዳቱና የተማረው ዕውቀት በጋራዥ እንደተገናኘ ሁሉ፣ ዛሬም የጋራዥ ልጆችን ጠርተው እነዚህን ገመዶች እንዴት ኃይላቸውን አቋርጠው እንደሚከፍቱ ሊያሠለጥኗቸው ይገባል፤ መኪኖቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ መካኒኮቹም መፈታታቱን ጀምረዋል።