የአብራሪው እጅና የምስለ በረራው መሣሪያ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐረር በአየር የሚሄድ መንገደኛ ሐረር ላይ አይወርድም። ድሬዳዋ ይወርድና በመኪና ሽቅብ ወደ ደጋው ወጥቶ፥ ሐረማያን አልፎ፥ ከጁገል ግንብ በር ይደርሳል። የድሬዳዋው አይሮፕላን ማረፊያ ግን የሐረርን ታሪክ በስሙ ተሸክሟል። የተሰየመው በ1898 ዓ.ም. አባታቸው ራስ መኰንን ካረፉ በኋላ ሐረርን በገዙት በደጃዝማች ይልማ መኰንን ነው፤ «አባ ጠና» የተባለውም የፈረስ ስማቸው ነው። የፈረስ ስም ለአይሮፕላን ማረፊያ መዋሉ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ፈረስም ሆነ አይሮፕላን የጌታውን አሳብ የሚያውቀው በእጁ በኩል ነው። ልጓም የያዘ እጅ ምን ያህል እንደ ሳበ ፈረሱ ያውቃል፤ ፈረሱም ምን ያህል እንደ ተቃወመ እጁ ያውቃል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አብራሪ የሚማርበት መኪና፥ ማለት ምስለ በረራ የምንለው መሣሪያ፥ የተማሪውን እጅ ከማይበርረው አይሮፕላን ጋር እንዴት አድርጎ እንደሚያገናኘው ነው።

የሐረር ሰው አይሮፕላንን ያወቀው በሁለት መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፥ ሐረርንም የገዙት ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን ሄደው የእንግሊዝን የጦር አይሮፕላኖች ትርኢት በተመለከቱ ጊዜ፥ እኔም ልውጣ ብለው በራሳቸው ጥያቄ በረሩ። ከዚያም ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ የፈረንሳይ ሥራ የሆነው ፖቴዝ 25፥ አዲስ አበባ ደረሰ። ይህ ደስ የሚያሰኘው መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ የመጣው መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያ ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች በሐረር ከተማ ላይ ቦምብ አዘነቡ። ከጠላት መባረር በኋላ መንግሥት የራሱን አብራሪዎች ለማሠልጠን የቸኰለው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን ቀን ማስታወስ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውቅ፤ አብራሪዎቹ የሠለጠኑበት «ሐረር ሜዳ» የተባለው የአየር ኃይል ሰፈር በሐረር ሳይሆን በቢሾፍቱ ነው። ስሙን ሰምቶ ስፍራውን ሐረር የሚያደርግ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። አይሮፕላን በተፈለሰፈበት ዘመን የትኛው እጅ ምን እንደሚይዝ የተወሰነ ሕግ አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች በፈረንጅ ቁጥር በ1903 በበረሩ ጊዜ አብራሪው በሆዱ ተኝቶ ክንፉን የሚያጣምመው በወገቡ ነበር። በኋላ ሰው ተቀምጦ የሚበርርበት ሁለት ወንበር ያለው አይሮፕላን ሲሠሩ፥ ክንፍ የሚያጣምመውን ማንሻ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አቆሙት። ከዚህም የተነሣ በግራ ወንበር የተማረው ሰው በቀኝ እጁ የሚሠራውን፥ በቀኝ ወንበር የተማረው በግራ እጁ ይሠራው ነበር፤ «የግራ ወንበር አብራሪ»፥ «የቀኝ ወንበር አብራሪ» እየተባሉም ይለዩ ነበር። ወንበር ያለዋወጡአቸው እንደ ሆነ ሙያቸው ይፋለስባቸዋል። እጅ አንድ ጊዜ የተማረውን በቃል ትእዛዝ አይተውምና።

በፈረንሳይ አገር አንቷኔት የተባለው አይሮፕላን ደግሞ በግራና በቀኝ በኩል ሁለት መሽከርከሪያዎች ነበሩት፤ አንዱ አፍንጫውን ያነሣል፥ ይጥላል፤ ሌላው ክንፉን ያዘነብላል። በ1909 እና በ1910 ገደማ ተማሪዎች እንዲለምዱት ሲባል ግማሽ በርሜል ተቆርጦ፥ በላዩ ወንበርና ሁለቱ መሽከርከሪያዎች ተተክለው፥ አስተማሪዎች በርሜሉን በእጃቸው እየገፉ ያናውጡት፥ ተማሪውም በመሽከርከሪያው ለማቃናት ይታገል ነበር። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ከሁሉ የሚበልጠውን ምሥጢር ይዞአል፤ በበርሜሉ ላይ የነበሩት መሽከርከሪያዎች በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ካሉት ጋር በስፍራም በሥራም አንድ ነበሩ። ፈረንሳዊው ብሌርዮ በ1908 ለእጅ አንድ ዘንግ፥ ለእግር አንድ መርገጫ ያደረገበት አሠራር እየተስፋፋ ከሄደ በኋላ ዓለም በዚሁ ተስማማ።

ቀጥሎ የመጣው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ነው። አባቱ በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ወጣቱ ሊንክ ኦርጋን በአየር ኃይል እንዴት እንደሚሠራ ያውቅ ስለ ነበር፥ በ1929 ትንሽ የአይሮፕላን አካል ሠርቶ ከሥሩ ወናፎችን አደረገ። ተማሪው ዘንጉን ሲስብ ቫልቭ ይከፈታል፤ ወናፉ ይነፋል ወይም ይሟሽሻል፤ ሣጥኑም ወደ ፈለገበት ያዘነብላል። ባንጥረኛ ሲያናፋ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በመጀመሪያ ገዢ ያገኘው በመዝናኛ ስፍራዎች ነበር። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር የአየር ፖስታን እንዲያመላልስ በታዘዘ ጊዜ ጭጋግና ጨለማ ያልለመዱ ብዙ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ፤ ያን ጊዜ ጦሩ ስድስት የሊንክ መኪናዎች እያንዳንዳቸውን በ3,500 ዶላር ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ከ500,000 የሚበልጡ ሰዎች ሠለጠኑበት።

በአገራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አብራሪዎቹ በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። በቢሾፍቱ ደግሞ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የአየር ኃይሉን ትምህርት አቋቋሙ፤ የማስተማሪያው አይሮፕላን ሳፊር የሚባለው የስዊድን ሥራ ሲሆን፥ አስተማሪና ተማሪ ጐን ለጐን ተቀምጠው ሁለት መሪ ይይዙበታል። የአንዱ መሪ ሲንቀሳቀስ የሌላውም ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ተማሪው የመምህሩን እጅ በራሱ እጅ ይሰማዋል። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ ችግሩ ቤንዚኑ ውድ፥ ስሕተቱም ገዳይ መሆኑ ነው። ዛሬ በቦሌ ያለው የአየር መንገዱ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለዳሽ 8፥ ለቦይንግና ለኤርባስ አይሮፕላኖች በየዓይነታቸው ምስለ በረራዎች አሉት።

ይህ የታላላቆቹ ታሪክ ነው። ነገር ግን ዛሬ በሐረር የሚኖር አንድ ወጣት ጁገል ውስጥ በቤቱ ተቀምጦ፥ በኮምፒውተሩ ላይ ጆይስቲክ ሰክቶ፥ ከቦሌ ተነሥቶ ድሬዳዋ ለማረፍ ይችላል። መሣሪያውን ከማዛመዱ በፊት ግን ምንም አይሆንለትም። ጆይስቲክ ስለ አይሮፕላን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው፤ ዘንጉ ወደ አንድ ዳር ሲደርስ 0፥ ወደ ሌላው ዳር ሲደርስ ለምሳሌ 65,535፥ ሲለቀቅ እኩሌታውን። ይህ ቁጥር አፍንጫን ይሁን ክንፍን፥ የሞተር ኃይልን ይሁን ፍሬንን፥ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ሰው ነው። ዝምድናው በተገላቢጦሽ ከሆነ የሞተሩ ማንሻ ሲዘጋ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ይጮኻል፤ አይሮፕላኑም ገና ሳይታሰብ በማኰብኰቢያው ላይ ይሮጣል። ዘንጉን ማጠማዘዝም የእግር መርገጫውም ለአንድ የጅራት መሪ ከተመደቡ፥ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ አንድ ጉዳይ ለሁለት ሹም እንደ ተመራበት መሥሪያ ቤት ይሆናል። መሣሪያው አርጅቶ መካከሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ በመካከሉ ጥቂት ስፍራ «አይሰማ» ተብሎ ይተዋል፤ ይህ ስፍራ ሲበዛ ግን እጅ ይደነዝዛል።

እስከዚህ ያለውን በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል። የማይስተካከለው ክብደቱ ነው። በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ፍጥነት ሲለወጥ የመሪው ክብደት ይለወጣል። አብራሪው አፍንጫውን በመሪው ወደሚፈልገው ስፍራ አድርሶ፥ ከዚያ ሚዛን መጠበቂያውን ያስተካክላል፤ ክብደቱም ከእጁ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል፤ መሪውም በደረሰበት ስፍራ ያርፋል። በቤት ያለው ጆይስቲክ ግን ሞላ አለው፤ ሞላውም ዘወትር ወደ አንድ መካከል ይስበዋል። ስለዚህ ወጣቱ ሚዛኑን እያስተካከለ ዘንጉን ቀስ በቀስ ወደ መካከል መመለስ ይገባዋል፤ ይህም በእውነተኛው ከሚደረገው የተለየ ልማድ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ በ2008 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባው በኤርባስ 350 ላይ የጐን ዘንጉ ራሱ በሞላ የሚመለስ፥ የአየሩንም ክብደት ለእጅ የማያስተላልፍ ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ የቤቱ መሣሪያ ለእርሱ ይቀርባል።

በቦይንግ 737 ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱ አብራሪዎች መካከል፥ በየጐናቸው የሚዞር ትልቅ መሽከርከሪያ አለ። ከእርሱ የተነሣ የብረት ገመድ እስከ ጅራቱ ሄዶ አግድሙን የጅራት ክንፍ ያንቀሳቅሳል። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ በእጅ የሚዞረው ይህ ነው፤ በጅራቱ ላይ ያለውም የአየር ጫና እስከ እጅ ይደርሳል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 የሆነው 737 ማክስ አይሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ፥ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የክንፉን አንግል የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር በመስጠቱ፥ ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ገፋ። በመጋቢት መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፥ አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን መቈጣጠሪያ ዘጉት፤ ረዳቱ አብራሪም በእጅ ሞክሮ አይሠራም አለ። የአይሮፕላኑ ፍጥነት እጅግ ጨምሮ ስለ ነበር ጫናውም እንደዚያው ጨምሮ ነበር። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኋላ ስለ አብራሪዎቹ ሥራ የራሳቸውን አስተያየት ቢጨምሩም፥ መሽከርከሪያው በዚያ ሰዓት ለእጅ መክበዱን የሚያስተባብል አልሆነም።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ አንድ ነገር አመነ፤ የ737 ማክስ ምስለ በረራ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን እንደሚገባ ሊያሳይ ስላልቻለ እርማት ተደርጎበታል አለ። ጋዜጦችም ጉድለቱ ይህንኑ የእጅ መሽከርከሪያ የሚመለከት መሆኑን ጻፉ፤ በእውነተኛው አይሮፕላን በከፍተኛ ፍጥነት እጅግ የሚከብደው በምስለ በረራው ላይ ክብደቱ በትክክል አልታየም። አንቷኔት በግማሽ በርሜል ላይ የጠበቀችው ነገር፥ ማለት የመሣሪያው ስፍራና ሥራ፥ በዚህ ዘመን መሣሪያ ላይ ተጠብቆአል፤ ክብደቱ ግን ቀርቶአል። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር መኪና በዚህ ነጥብ ላይ ከጁገሉ ወጣት ጆይስቲክ ጋር አንድ ደረጃ ላይ መገኘቱ ያስቈጣል፤ ሊያስቈጣም ይገባል።

ከአደጋው በፊት የቀድሞውን 737 የሚያበርር ሰው ወደ ማክስ ለመሸጋገር በኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃው ነበር፤ ምስለ በረራ ውስጥ መግባት ግዴታ አልነበረም። አይሮፕላኑ በዓለም ሁሉ ከታገደ በኋላ፥ በፈረንጅ ቁጥር በኅዳር 2020 የአሜሪካ ባለሥልጣን እገዳውን ሲያነሣ፥ እያንዳንዱ አብራሪ በምስለ በረራ ውስጥ እንዲሠለጥን፥ ከሚለማመዳቸውም ነገሮች አንዱ መሽከርከሪያውን በእጁ ማዞር እንዲሆን ታዘዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን እንደ ገና ወደ አገልግሎት የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፥ አብራሪዎቹ ከዚያ በፊት በቦሌ ምስለ በረራ ውስጥ ተቀምጠው ሠልጥነዋል።