“ብሉ”፣ “አዙል”፣ ሰማያዊ፦ የአንድ የቀለም ስም ፍቺዎች ታሪክ

መግቢያ

የቀለም ስሞች ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ለተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ ወጥመድ ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል “ነጭ” የሚለውን ቃል እንውሰድ። በአማርኛ “ነጭ ውሸት” ማለት ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። የእንግሊዝኛው “ዋይት ላይ” ግን ሰውን ላለማስቀየም ሲባል የሚነገር፣ ጉዳት የሌለው ውሸት ነው። እስፓኝኛ ይህንኑ “ሜንቲራ ፒያዶሳ” ይለዋል፤ በርኅራኄ የተነገረ ውሸት እንደ ማለት ነው። ቀለሙ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሆኖ ፍርዱ ተቃራኒ ሲሆን፣ ሦስተኛው ቋንቋ ቀለሙን ጨርሶ ትቶታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእንግሊዝኛውን “ብሉ” እና በእስፓኝኛ የሚሰጡትን ትርጉሞች ነው። በኪስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለዚህ ቃል አንድ መስመር ይበቃዋል፤ በእስፓኝኛ “አዙል”፣ በአማርኛ “ሰማያዊ” ተብሎ ይታለፋል። ስለ ቀለሙ ይህ እውነት ነው። ቃሉ ከቀለምነት አልፎ ሲነገር ግን እስፓኝኛው አንዳንድ ጊዜ “አዙል”ን፣ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ቀለምን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቀለም የሌለበትን ቃል ይዞ ይገኛል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍቺ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን የሆነ ነገር ትቶት ያለፈው ቅሪት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህም ተርጓሚው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ቃሉ ይህን ፍቺ ከየት አገኘው የሚለውን ነው። ከእንግሊዝኛ ብቻ የሚተረጉም ሰው የእንግሊዝኛን ልማድ የሰው ልጅ ሁሉ ልማድ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ እስፓኝኛን በአጠገቡ ስናስቀምጥ ግን ልማድነቱ ይገለጣል። (የተለየ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዘመናቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

1. የሦስቱ ቃላት አመጣጥ

በርሊንና ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1969 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ቀለም በቋንቋዎች ውስጥ መሠረታዊ ስም የሚያገኘው ከጥቁር፣ ከነጭ፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከቢጫ በኋላ እንደ ሆነ ገልጸዋል። ዝርዝሩ በኋላ ቢሻሻልም፣ የያዝናቸው ሦስት ቃላት ሁሉ ስሙን ከሌላ ስፍራ ያመጡ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

የእንግሊዝኛው “ብሉ” ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ ፈረንሳይኛውም ራሱ ቃሉን ያገኘው ከጀርማናዊ ቋንቋ ነበር። የዚህ ቃል ዘመድ የሆነው የጥንታዊ ኖርስ “ብላር” ወደ ጥቁር የተጠጋ ጨለማ ቀለምን ሁሉ ይሸፍን ስለ ነበር፣ የሰሜን ሰዎች ጥቁር አፍሪካውያንን የሚጠሩት ቃል በቃል “ሰማያዊ ሰዎች” እያሉ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አውሮፓውያን “ብሉ ናይል”፣ እስፓኞች “ኒሎ አዙል”፣ ዐረቦች “አልአዝረቅ” የሚሉትን ወንዝ እኛ “ጥቁር ዓባይ” እንለዋለን። በሱዳን ዐረብኛም “አዝረቅ” እጅግ ጥቁር ለሆነ ሰው ይነገራል። እንግዲህ “ጥቁር ዓባይ” የተርጓሚ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ የሁለቱ ቀለሞች ድንበር በየቋንቋው የተለያየ መሆኑን የሚያስታውስ ነው።

የእስፓኝኛው “አዙል” የመጣው ከፋርስ በዐረብኛ በኩል ሲሆን፣ መነሻው በዛሬዋ አፍጋኒስታን ሰሜን ምሥራቅ በባዳኽሻን ተራሮች ይወጣ የነበረው የከበረ ድንጋይ ስም “ላዝዋርድ” ነው። የመጀመሪያው የ“ል” ድምፅ እንደ መስተአምር ተቈጥሮ ወደቀ። ስለዚህ “አዙል” የነጋዴና የሠዓሊ ቃል ነው።

የእኛው “ሰማያዊ” ግን ሌላ ጠባይ አለው። በግዕዝ “ሰማያዊ” ማለት “የሰማይ፣ ከሰማይ የሆነ” ማለት ነው። በኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ መጋረጃ በተነገረበት ስፍራ ግዕዙ ለቀለሙ የሚጠቀምበት ቃል ከግሪክኛ የመጣው “ያክንት” ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ “ሰማያዊ” ይላል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ፍቺዎች፣ የመንፈሳዊው ሰማይና የቀለሙ፣ በአማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። በዚህ ረገድ “ሰማያዊ” የሚመሳሰለው ከ“አዙል”ም ከ“ብሉ”ም ጋር አይደለም፤ “የሰማይ” እና “ቀላ ያለ ሰማያዊ” የሚሉትን ሁለት ፍቺዎች ከያዘው ከእስፓኝኛው “ሴሌስቴ” ጋር ነው። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ለአማርኛ ተርጓሚ ትልቁ ችግር የሚነሣው ከዚሁ ነው።

2. ሐዘንና ሕልም

እንግሊዛዊ “ብሉ ነኝ” ሲል ከፍቶኛል፣ ሆዴ ባብቷል ማለቱ ነው። ፍቺው የተያያዘው “ብሉ ዴቭልስ”፣ ማለት “ሰማያዊ አጋንንት” ከሚለው የቈየ አነጋገር ጋር ነው፤ አጋንንቱ ሰውን የሚያስተክዙ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጆርጅ ኮልማን ልጁ በ1798 በዚሁ ስም አንዲት አጭር ቧልታይ ተውኔት አቅርቧል። ከዚያም ቃሉ ጥቁር አሜሪካውያን ለፈጠሩት ሙዚቃ መጠሪያ ሆነ፤ ዊልያም ክሪስቶፈር ሃንዲ “ሜምፊስ ብሉዝ” የተባለውን ዜማ ያሳተመው በ1912 ነው። እስፓኝኛ ስሜቱን “ትሪስቴ” ብሎ ተርጕሞ፣ ሙዚቃውን ግን እንዳለ “ብሉዝ” ብሎ ተውሷል። እኛም እንዲሁ ማድረጋችን ትክክል ነው፤ “ትዝታ” የራሱ ቅኝትና የራሱ ታሪክ ስላለው፣ ስሙን ለሌላ ሕዝብ ሐዘን መስጠት ሁለቱንም መበደል ይሆናል።

በእስፓኝኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ይኸው ቀለም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የኒካራጓው ባለቅኔ ሩቤን ዳሪዮ በ1888 በቺሌ ወደብ በቫልፓራይሶ ያሳተመው መጽሐፍ “አዙል” ይባላል፤ ቀለሙ በእርሱና በተከታዮቹ ዘንድ የሕልምና የኪነ ጥበብ ቀለም ነው። ይህን ርእስ በእንግሊዝኛ ልማድ አንብቦ ሐዘን የሚፈልግበት ተርጓሚ ገና ከሽፋኑ ይሳሳታል።

3. ነውርና ጥብቅነት

በእንግሊዝኛ ነውረኛ ቀልድ “ብሉ” ነው። በእስፓኝኛ ግን አረንጓዴ ነው፤ “ቺስቴ ቤርዴ” ይባላል። ዕድሜው ገፍቶ ሴት የሚያሳድድ ሽማግሌም “ቢኤሆ ቤርዴ”፣ ማለት “አረንጓዴ ሽማግሌ” ነው። በአማርኛ ሁለቱም ቀለሞች ይህን አይናገሩም፤ “የብልግና ቀልድ” ማለት ይበቃል። የሚያስገርመው፣ ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል በአሜሪካ የእሑድን ንግድና መዝናኛ የሚከለክሉትን ጥብቅ ሕጎች “ብሉ ሎውስ” እያለ መጥራቱ ነው። በአንድ ቃል ብልግናውም ከልካዩም ተጠርተዋል።

ስለ ክልከላ ካነሣን፣ የሳንሱር እርሳስም በየአገሩ ቀለሙ የተለያየ ነው። በፖርቱጋል እስከ 1974 በቈየው አገዛዝ የሳንሱር ምልክት ሰማያዊ እርሳስ ነበር። በጐረቤቲቱ በእስፓኝ ግን ሰዎች የሚያስታውሱት ቀዩን እርሳስ፣ “ላፒስ ሮሆ”ን ነው።

4. ደም

“ብሉ ብለድ” የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ከፍ ያለ ዘር ያለው ማለት ነው። እዚህ ላይ አበዳሪው እስፓኝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ በ19ኛው መቶ ዓመት “ሳንግሬ አዙል” የሚለውን ቃል በቃል ተርጕሞ ወሰደ። ሐረጉ የወጣው ከሙሮችም ከአይሁድም ጋር አልተቀላቀልንም ይሉ ከነበሩ የካስቲል መኳንንት ነው። በነጣው ቆዳቸው ሥር የሚታየው የደም ሥር ሰማያዊ ስለሚመስል፣ ይህን የዘራቸው ማስረጃ አድርገው አቀረቡት።

ይህ የቤተ መንግሥት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1449 በቶሌዶ ከተማ የወጣው ደንብ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተመለሱ ሰዎችና ዘሮቻቸው የከተማ ሹመት እንዳይዙ ከለከለ። “ሊምፒዬሳ ዴ ሳንግሬ”፣ ማለት “የደም ንጽሕና” የተባለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ተቋማት ተዛመተ፤ አይሁድ ከእስፓኝ ከተባረሩበት ከ1492 በኋላም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቈየ። ሰው የራሱ እምነት ሳይሆን የቅድመ አያቱ እምነት የሚጠየቅበት ሥርዓት ነበር። በአንድ የቀለም ስም ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀምጧል።

አማርኛ የዘርን ነገር የሚናገረው በአጥንት ነው፤ “አጥንት ቈጠረ” እንላለን፤ “ጨዋ ዘር” እንላለን። በልብ ወለድ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ባላባት “ብሉ ብለድ” ቢባል “የጨዋ ዘር” ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጽሑፉ ስለ እስፓኝ ታሪክ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ በአጥንት ቈጠራችን ውስጥ የቆዳ ቀለምና የደም ሥር ስለሌሉ፣ አንባቢው በደሉን ሳያየው ያልፋል። “ሰማያዊ ደም” ብሎ ብቻ መተውም የባሰ ነው። የአማርኛ አንባቢ በመጀመሪያ የሚሰማው “ከሰማይ የሆነ ደም” የሚለውን ነውና፣ የሰው ትዕቢት የቅድስና ልብስ ለብሶ ይቀርባል። የሚሻለው “ሰማያዊ ቀለም ያለው ደም” ብሎ ቀለምነቱን ለይቶ፣ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ነው።

በዚሁ ምክንያት በእስፓኝኛ ተረት ልጃገረዲቱ የምትጠብቀው “ፕሪንሲፔ አዙል” “ሰማያዊ ልዑል” ሊባል አይችልም፤ መልአክ ይመስላልና። እንግሊዝኛው ቀለሙን ትቶ “ፕሪንስ ቻርሚንግ” ይለዋል። እኛም “ያለመችው ልዑል” ብንል ይበቃናል።

5. ልብስ

የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የእጅ ሥራ ሠራተኛን “ብሉ ኮላር” ይለዋል፤ የሥራ ሸሚዙ ሰማያዊ ስለ ነበር ነው። የእስፓኝኛ ቀጥተኛ አቻው “ኦብሬሮ” ነው፤ የእኛም “ወዛደር” ወይም “የእጅ ሥራ ሠራተኛ” ነው። ነገር ግን በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ይህ ቀለም በሁለቱም ወገን ተለበሰ። በ1936 በማድሪድ ጸረ ፋሺስት ደራስያን ያሳትሙት የነበረው መጽሔት ስሙ “ኤል ሞኖ አዙል” ነበር፤ “ሞኖ” ማለት ሠራተኛውና ሚሊሺያው የሚለብሱት ቱታ ነው። በተቃራኒው ወገን ፋላንሄ የተባለው ፓርቲ የሠራተኛ ቀለም ነው በማለት በ1934 ሰማያዊ ሸሚዝን የደንብ ልብሱ አደረገ። በ1941 ከጀርመን ጦር ጎን ተሰልፎ ሶቪየት ኅብረትን ሊወጋ የዘመተው የእስፓኝ ክፍለ ጦር “ዲቪዝዮን አዙል” የተባለው በዚህ ሸሚዝ ነው። ሁለቱን “ሰማያዊ ለባሾች” ብሎ በአንድ ስም የሚተረጕም ሰው ገዳይና ተገዳይን ያቀላቅላል። “ብሉ ሸርትስ” ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስም ሌላ ስሕተት ይጨምራል፤ ይህ ስም በ1933 ሰማያዊ ሸሚዝ መልበስ የጀመረ የአየርላንድ ማኅበር መጠሪያ ነውና።

የእኛ አንባቢ የሸሚዝ ቀለም ምን ማለት እንደ ሆነ አጥብቆ ያውቃል። “ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ” የሚለው ሐረግ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ያስታውሰዋል። ስለዚህ የፋላንሄን ሰዎች “ሰማያዊ ሸሚዝ ለባሾች” ማለት ይገባል፤ ቀለሙ የድርጅት ስም ሆኗልና አይጣልም።

የፓርቲ ቀለም ግን ዘለዓለማዊ አይደለም። በብሪታንያ ሰማያዊ የወግ አጥባቂዎች ነው፤ በአሜሪካ ከ2000 ምርጫ ወዲህ የዴሞክራቶች ሆኗል። ተርጓሚው ከቀለሙ አጠገብ የፓርቲውን ስም ቢጽፍ ይመረጣል።

6. ወረቀትና ጨረቃ

ሰር ጆን ኸርሸል በ1842 የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ሥዕል የሚወጣበትን ዘዴ አገኘ። ወረቀቱ በውሃ ሲታጠብ መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መሐንዲሶች የሕንፃ ንድፍ የሚያባዙበት በመሆኑ ንድፉ “ብሉፕሪንት” ተባለ፤ ዘዴው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሌላ ቢተካም ስሙ ቀርቶ “ዝርዝር ዕቅድ” ማለት ሆነ። እስፓኝኛ “ፕላኖ” ይላል፤ ግንበኞቻችንም “ፕላን” ይላሉ። ቀለሙ እዚህ ሞቷልና መተርጐም የለበትም።

“በሰማያዊ ጨረቃ አንድ ጊዜ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እስፓኝኛ “ዴ ፓስኩዋስ አ ራሞስ” ይለዋል፤ ከፋሲካ እስከ ሆሣዕና ማለት ነው። ሆሣዕና ከፋሲካ በአንድ ሳምንት ስለሚቀድም፣ ከፋሲካ ተነሥቶ የሚቀጥለውን ሆሣዕና የሚጠብቅ ሰው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ይቈያል። ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ ከእንግሊዛዊው ጨረቃ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ለመዝገበ ቃላት ሥራ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የቀለም ስም ፍቺዎች በቍጥር ተለይተው፣ እያንዳንዱ ከአገሩና ከዘመኑ ጋር ሊሰፍር ይገባል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ በፍቺው ውስጥ ሞቶ እንደ ሆነ መጣል፣ እንደ “ሳንግሬ አዙል” ገና ታሪኩን ተሸክሞ እንደ ሆነ ግን ከአጭር ማብራሪያ ጋር መጠበቅ አለበት። ሦስተኛ፣ “ሰማያዊ” የሚለው ቃላችን መንፈሳዊ ፍቺውን ከቶ እንደማይተው አዘጋጁ ዘወትር ማስታወስ አለበት፤ ጥርጥር በተነሣ ጊዜ “ሰማያዊ ቀለም” ብሎ መጻፍ አንድ ቃል ያስጨምራል እንጂ አያስነቅፍም።

የእንግሊዝኛ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት “ብሉ ማለት ሰማያዊ ነው” ብሎ ይማራል። የተርጓሚ ሥራ የሚጀምረው ይህ ትምህርት ባለቀበት ስፍራ ነው።