«ጃጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉት

ዛሬ የአንዲት ታካሚ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1901 በጀርመኗ ፍራንክፈርት የ51 ዓመቷ አውጉስተ ዴተር ሆስፒታል ገባች። መጀመሪያ የታየባት መርሳት ሳይሆን ቅናት ነበር፤ ባሏን ያለ ምክንያት ትጠረጥረው ጀመር። ቀጥሎ ምግብ ማብሰል ተሳናት፣ ዕቃ እየደበቀች ታጣው ነበር። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ስሟን ሲጠይቃት «አውጉስተ» አለች። የባሏንም ስም ሲጠይቃት ያው «አውጉስተ» ነበር መልሷ። የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን እየበላች ምን እንደምትበላ ቢጠይቃት «ስፒናች» አለችው።

በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ። በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ቆሻሻ፣ በውስጣቸው ደግሞ የተጠላለፉ ክሮች አገኘ። በዚያው ዓመት ግኝቱን ለሐኪሞች ሲያቀርብ ብዙም ትኩረት አልሰጡትም። በሽታው በስሙ የተጠራው በ1910 ነው።

በእኛም አገር በዚያው ዘመን አፄ ምኒልክ ታመሙ። እሳቸውን በ1909 የጣላቸው ግን ስትሮክ ነው፤ ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን በድንገት ያዘው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ አልዛይመር በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። ፊት በድንገት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተያዘ ግን ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እዚህ ሐይቅ ዳር ወላጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው «እርጅና መስሎን ነው» የሚለውን ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የሁላችንም ነው። መካከለኛው ደረጃ ሌላ ነው። እናታችሁ አቦሉን ቀድተው፣ ቶናውን ስትጠብቁ እንደገና ቡና ሊቆሉ ይነሳሉ። ዕድሜ ልክ ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዱ ይጠፋቸዋል። በሐምሌ ዝናብ በስስ ልብስ ይወጣሉ፤ የሚለብሱትን ካልመረጣችሁላቸው ይቸገራሉ። ሴት ልጃቸውን በእህታቸው ስም ይጠራሉ። «ሠራተኛዋ ብሬን ሰረቀችኝ» ይላሉ (ምስኪን ሠራተኛ!)። ሲመሽ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ።

የፈረንጅ መጠይቅ ቀንና ዓመት ይጠይቃል። የእኛ እናቶች ዓመተ ምሕረቱን ላይዙት ይችላሉ፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል መሆኑን ግን አይስቱም ነበር። ስለዚህ እኔ «ዛሬ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ከሆኑ የገበያውን ቀን።

አልዛይመር የሚመስል ግን የሚታከም ችግርም አለ፦ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንዴም የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ። ስትመጡ መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ምን ተለወጠ፣ መቼ ጀመረ የሚለውን ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፤ እናታችሁ ፊት እንዳታወሩት።