የሳሎኑ ሳጥን፦ ከሐረር የስልክ ሽቦ እስከ ሀቢቾ ዋይፋይ

ማታ ማታ በሆሳዕና፣ በሀቢቾና በዱራሜ ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ጥሪ ይጠበቃል። ጆሃንስበርግ ሱቁን ዘግቶ የገባ ልጅ በቪዲዮ ይደውላል። እናት ከጓዳ ትጠራለች፣ ታናናሾቹ ስልኩን ይከብባሉ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ምስሉ ቀጥ ይላል። «ሄሎ! ይሰማሃል?» ድምፁ ይቆራረጣል፣ ጥሪው ይዘጋል። የቤቱ ፍርድም አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም!»

ይህች አጭር ፍርድ ብዙ ብር ታስወጣለች። እሷን ሰምቶ አንዱ አዲስ ራውተር ይገዛል፣ ሌላው ፓኬጁን ያሳድጋል፣ ሌላው ደንበኛ አገልግሎት ደውሎ ይጨቃጨቃል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። «ኔትወርክ የለም» የአንድ በሽታ ስም አይደለምና። የመስመር መቋረጥ፣ የመብራት መጥፋት፣ የሳጥኑ አቅም ማነስ፣ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራሉ። የአገሪቱን የግንኙነት ታሪክ መለስ ብሎ ላየው ደግሞ፣ ደካማው ቦታ በየዘመኑ ሲዛወር ኖሯል። ዛሬ ከሜዳው ተነስቶ ሳሎን ገብቷል።

◾️ ደካማው ቦታ ሽቦ በነበረበት ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የስልክ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በምሰሶ ላይ የተዘረጋ እርቃን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መስመሩ በሙሉ ይሞታል። የዚያ ዘመን በሽታ ግልጽ ነበር፣ መድኃኒቱም ግልጽ ነበር፦ የተበጠሰውን ቦታ ፈልጎ መቀጠል።

እ.ኤ.አ. በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ስልክ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አገኘ። ለአብዛኛው የክፍለ ሀገር ቤተሰብ ግን ስልክ የቤት ዕቃ ሳይሆን የሚኬድበት ቦታ ሆኖ ቆየ። «ቴሌ ሄጄ ልደውል» ይባል ነበር። መስመር የሚሰጠው ኦፕሬተሩ ነው፣ ተራ የሚጠበቀው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ደዋዩ የሚመርጠው መሣሪያ አልነበረም።

መሣሪያ የመምረጥ መብት በሌላውም ዓለም በቀላሉ አልተገኘም። በአሜሪካ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ ከስልክ ኩባንያው መስመር ጋር እንዲያገናኝ በር የከፈተው የካርተርፎን ውሳኔ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሰው ዛሬ ገበያ ወጥቶ ራውተር መምረጥ መቻሉ የዚያ ዓይነት ለውጥ ፍሬ ነው። ምርጫው ሲገኝ ግን የተሳሳተ ምርጫ ዕዳም አብሮ መጣ።

◾️ ያለ ጠባቂ እንዲሠራ የተፈጠረ ማሽን

የራውተር አያት የሚባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1969 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተተከለ። የኢንተርኔት መነሻ ለሆነው ለአርፓኔት የተሠራ፣ ፍሪጅ የሚያህል ብረት ለበስ ሳጥን ነበር። ስለዚህ ማሽን ለዛሬ ገዢ የሚጠቅመው ነገር ፍጥነቱ አይደለም። መሐንዲሶቹ ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ፈርተው ነበር፦ አጠገቡ የሚቆም ባለሙያ እንዳይጠፋና መብራት እንዳይቋረጥ። ስለዚህ ለቀናት ያለ ጠባቂ እንዲሠራ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳይነካው ራሱን እንዲያስነሳ አድርገው ሠሩት።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ እያነሰ፣ እየረከሰ መጣ። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሠረተ። በ1994 አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ መሣሪያ የማካፈል ዘዴ ይፋ ሆነ። ዋይፋይ የሚለው ስም በ1999 ወጣ። በ2002 ገበያ የወጣው ሰማያዊና ጥቁሩ የሊንክሲስ ራውተር ደግሞ ዕቃውን በብዙ አገሮች ተራ የቤት ዕቃ አደረገው። በዚህ ጉዞ ላይ ሳጥኑ ብዙ አተረፈ፣ አንድ ነገር ግን ከሰረ። ለዋጋ ሲባል ማስታወሻው አነሰ፣ ማቀዝቀዣው ቀረ፣ አዳፕተሩ ቀለለ። ሻጩም በካርቶኑ ላይ የፍጥነት ቁጥር መጻፍ ጀመረ፤ ጽናትን የሚለካ ቁጥር ግን ካርቶን ላይ የለም።

◾️ ኢንተርኔት ወደ ደቡብ ሲወርድ

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በስልክ መስመር የሚደወልበት በመሆኑ ኢንተርኔት ሲገባ ስልኩ ይያዛል፣ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ ይቀራል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የማስፋፊያ ስምምነት ተፈረመ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ሥራ ተሰጠ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር፣ ደንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የመስመር አቅራቢም የሚመርጥ ሆነ።

በእነዚሁ ዓመታት ሀዲያና ከምባታ ሌላ ታሪክ ይጽፉ ነበር። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአካባቢው ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሲወርድ ኖሯል። መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። የደረሱት የላኩት ገንዘብ ቤት ሠራ፣ ሱቅ ከፈተ። የቪዲዮ ጥሪም ከመዝናኛነት አልፎ ልጅ በሕይወት መኖሩ የሚረጋገጥበት ሆነ። በዚህ ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተጨመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ሁሉ ማታ ቤቱ ሲገባ በአንዲት ሳጥን ይንጠለጠላል። ለሁለት ስልክ የታሰበ ዕቃ ሌት ተቀን አሥር መሣሪያ ይሸከማል።

◾️ ሳጥኑ ለምን ይደክማል?

አንደኛው ምክንያት መዝገቡ ነው። የቤት ራውተር እንደ ቢሮ ጸሐፊ ነው። ከቤቱ የወጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ ማን እንደጠየቀ ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ብዙ ስልክና የፋይል ማውረጃ በአንድ ላይ ሲሠሩ መዝገቡ በሺዎች ይሞላል። ማስታወሻው ትንሽ የሆነ ሳጥን ያኔ ይደነዝዛል። «ነቅለህ ሰካው፣ ይስተካከላል» የሚባለው ምክር የሚሠራውም መዝገቡ ስለሚጠረግ ነው። በየሦስት ቀኑ ይህን የሚፈልግ ሳጥን አቅሙ አልቋል ወይም ሙቀት ይዞታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወረፋ ነው። ወፍጮ ቤት አንድ ቁና የያዘች ሴት አሥር ኩንታል ካራገፈ ነጋዴ ኋላ ብትቆም ቀኑን ሙሉ ትጠብቃለች። የቪዲዮ ጥሪ ያቺ ባለ አንድ ቁና ናት። ከቤቱ አንዱ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ቲክቶክ ሲጭን ጥሪው ከኋላው ይቆማል። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ስም ሰጥቶ በሰፊው ያሳወቀው መሐንዲሱ ጂም ጌቲስ ነው። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋው ሳይከማች የሚቆጣጠር ዘዴ አቀረቡ። ዛሬ አንዳንድ ራውተሮች ወረፋውን እያካፈሉ ትንሹን ጭነት ያስቀድማሉ። ለጥሪ የሚጨነቅ ቤት ከካርቶኑ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። መሥራት የሚጀምረውም የመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት ተለክቶ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ሲሞላለት ነው።

ሦስተኛው ቤቱ ራሱ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳ ይሻገራል፣ ግን ቀርፋፋና በጎረቤት የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ወፍራም የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ቆርቆሮማ ለሁለቱም ጠላት ነው። ቲቪ ጀርባ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ራውተር ውድም ቢሆን አይሠራም። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። የማይንቀሳቀሰው ኮምፒውተርና ቲቪ በገመድ ቢገናኝ ደግሞ ሞገዱ ለስልኮቹ ይተርፋል።

አራተኛው መብራት ነው። ብዙ የቤት ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ለራውተር የሚሠራ 37 ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ፣ 8 ዋት ለሚጠቀም ሳጥን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይዘልቃል። ቮልቱና አምፔሩ ከአዳፕተሩ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉ ግን የግድ ነው። መብራት ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ግፊት ገዳይ በመሆኑ ስታቢላይዘር ወይም ለጥቂት ደቂቃ ነቅሎ መቆየት ያድናል። በመዳብ የስልክ ሽቦ ለሚገባ መስመር ደግሞ መብረቅ በስልኩም ገመድ እንደሚመጣ መርሳት አይገባም። ፋይበር መስታወት በመሆኑ ከዚህ ይተርፋል።

◾️ ብር ከመውጣቱ በፊት

ጥሪው ሲቆረጥ በመጀመሪያ የሳጥኑ መብራቶች ይታዩ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ችግሩ መብራት ወይም አዳፕተር ነው። የመስመሩ መብራት ቀይ ከሆነ ወይም ከጠፋ አዲስ ራውተር አያድንም፣ ጥሪው ለአቅራቢው ነው። መብራቶቹ ደህና ከሆኑ ስልኩን ይዞ ሳጥኑ አጠገብ መቆም ነው፤ እዚያ ጥሩ፣ መኝታ ቤት መጥፎ ከሆነ ቦታው ይቀየር። ሌላው ሰው ቪዲዮ ሲጭን ብቻ ከተበላሸ በሽታው ወረፋ ነው። ከተነቀለ በኋላ ለሁለት ቀን ደህና ሆኖ እንደገና ከደከመ፣ ያኔ ሳጥኑ ይቀየር።

የሚቀየረው ሳጥን ከመስመሩ ጋር የሚስማማ ይሁን። ለመዳብ የስልክ መስመር፣ ለፋይበርና ለሲም ካርድ የሚሆነው የተለያየ ነው። ካርቶን ላይ ያለው «1200» የሁለቱ ሞገዶች የወረቀት ፍጥነት ድምር ነው፤ የ10 ሜጋ ቢት ፓኬጅ ያለውን ቤት አንድ እርምጃ አያፈጥንም። አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ መላኩን ያላቆመበት ሞዴል ይመረጥ፣ የፋብሪካው ፓስወርድም በገባበት ቀን ይቀየር። ይህን ቸል ማለት የሚያመጣውን ጀርመን አይታለች፤ በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 2016 በደረሰ ጥቃት 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ራውተሮች ከአገልግሎት ወጥተዋል።

ማንኛውም ሳጥን የማይፈታው ነገርም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ርካሹም ውዱም ራውተር እኩል ዝም ብሏል። ያ ጥያቄ የገበያ ሳይሆን የመንግሥት ነው፣ መጠየቅ ያለበትም እዚያው ነው። ሳሎን ውስጥ ያለውን ጥፋት ግን ለቴሌ ወይም ለመንግሥት መስጠት አይቻልም።

የሀዲያና የከምባታ ገበሬ ጓሮው እንሰት የሚተክለው እህል ስለጠላ አይደለም። እህሉ በከዳው ዓመት ቤቱ እንዳይራብ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ፣ ስልኩ ውስጥ በተጠባባቂነት ያለው የሌላ አቅራቢ ሲም፣ በልኩ የተመረጠ ሳጥን የዚያው ብልሃት ልጆች ናቸው። ከጆሃንስበርግ የሚደውለው ልጅ ፈጣን ኢንተርኔት አይጠይቅም። እናቱ ተናግራ እስክትጨርስ የማይቆረጥ መስመር ይበቃዋል።