ጂኦካሺንግ፦ የስውር ሙዳይ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ የሚነገረው በምልክት ነው። «ኢምፔሪያልን አልፈህ ወደ ገርጂ ስትታጠፍ ፋርማሲ ታያለህ፤ እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ» ይባላል። የራይድ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ «ሎኬሽን ላክልኝ» የሚለው ተጨምሯል። ጂኦካሺንግ ይህን ሁለተኛውን ብቻ ይዞ የተነሣ ጨዋታ ነው። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ (ኮኦርዲኔት) ለሁሉም ያሳውቃል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል፣ ሲያገኘው ውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ ከዚያም እንደነበረው አድርጎ እዚያው ይመልሰዋል። ውስጡ ማስታወሻ የሚሆኑ ጥቃቅን ነገሮች ካሉ አንዱን መውሰድ ይቻላል፤ የወሰደ ግን በዋጋ የማያንስ ሌላ ነገር ይተካል።

ስሙ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። «ጂኦ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መሬት ማለት ነው፤ «ካሽ» ደግሞ መነሻው ፈረንሳይኛ ሆኖ የተደበቀ ነገርን ወይም መደበቂያን ያመለክታል። ባንክ ቤት ካሽ ከምንለው ጥሬ ገንዘብ ጋር ዝምድና የለውም። በአማርኛ «ስውር ሙዳይ ፍለጋ» ብንለው ይስማማል ባይ ነኝ። ሙዳይ ክዳን ያለው ትንሽ የስፌት ዕቃ ነው፤ ጌጥም፣ ሳንቲምም፣ ሌላም የማይጣል ነገር ይቀመጥበታል። ሳጥን ትንሽ ይበዛበታል፤ ድብብቆሽ ደግሞ ሰው የሚደበቅበት የልጆች ጨዋታ ነው። «ሀብት ፍለጋ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጣሊያን ሲወጣ ቀብሮት ሄደ ስለሚባል ወርቅ ስንት ወሬ በሚወራበት አገር፣ ሀብት ፍለጋ ያሉት ሰው አካፋ ይዞ ነው የሚመጣው። የጨዋታው ደንብ ደግሞ ያለ ባለ ይዞታው ግልጽ ፈቃድ መቅበርንም መቆፈርንም ይከለክላል። ስለዚህ ዕቃው ሙዳይ፣ ደብቆ የሚንከባከበው ባለሙዳይ፣ የሚፈልገው ፈላጊ ይባል። የጨዋታውን ነገር የማያውቀውን ተመልካች የውጭዎቹ ከሃሪ ፖተር መጻሕፍት በተዋሱት ስም ይጠሩታል፤ እኛ ግን «አላፊ አግዳሚ» የሚል የቆየ አነጋገር ስላለን መዋስ አያስፈልገንም።

ጨዋታው መቼ እንደተጀመረ በቀኑ ይታወቃል። የአሜሪካ መከላከያ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ መሣሪያው እስከ መቶ ሜትር ሊስት ይችል ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ የቆመው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ የምልክቱን ጥራት ለመሞከር ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀና ኮኦርዲኔቱን በኢንተርኔት አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ ከሌላ ሌላው ጋር የባቄላ ቆርቆሮ ነበረበት። ዛሬ ሙዳይ ውስጥ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ እንስሳ አሽትቶ ያወጣዋልና። «ጂኦካሺንግ» የሚለውን ስም በቀጣዩ ወር፣ በግንቦት፣ ያወጣው ማት ስተም ሲሆን፣ ጨዋታው እስከዛሬ የሚመራበት ድረ ገጽ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር ላይ በጄረሚ አይሪሽ ተከፈተ። አሁን በዓለም ላይ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሙዳዮች አሉ። በኢትዮጵያ ጨዋታው ገና ሥር አልሰደደም፤ ስሙንም የሚያውቀው ብዙ አይደለም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ያለው ይያዝ፤ ለጀማሪ ግን ስልኩ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ዳታ ሲያልቅ ጂፒኤስም የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም። ስልኩ ቦታውን የሚያሰላው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች፣ ቢያንስ ከአራቱ፣ በሚቀበለው ምልክት ነው። ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው፤ ካርታውን ደግሞ ከቤት ሳይወጡ አውርዶ መያዝ ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ፓወር ባንክ ቦርሳ ውስጥ ቢገባ ማን ይጠላል? ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ጓንት፣ ባትሪ፣ ትንሽ ወረንጦ (ጥቅልል ወረቀቱን ከጠባብ ዕቃ ለማውጣት) እና እርሳስ ነው። እስክርቢቶ አላልኩም፤ እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ክረምቱን ይሻገራል።

ጀማሪን የሚያስተው ከመሣሪያው ይልቅ የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። በዚህ ጨዋታ ኮኦርዲኔት የሚጻፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና በደቂቃ ክፋይ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያን እንውሰድ፤ በግምት በሰሜን 8 ዲግሪ ከ58.7 ደቂቃ፣ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ48.0 ደቂቃ ላይ ይገኛል። የስልክ ካርታዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት በዲግሪ አስርዮሽ ነው፤ ይኸው ቦታ በዚያ አጻጻፍ 8.978 እና 38.800 ይሆናል። ደቂቃውን ለስድሳ ማካፈል የዘነጋ ሰው 8.587 እና 38.480 ብሎ ያስገባል፤ ካርታውም ሳይቃወም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ መልካ ቁንጥሬን አልፎ አንድ ማሳ ላይ ያቆመዋል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተባለውን ነው ያደረገው።

በሌላ በኩል እኛ የምድር ወገብ አጠገብ መሆናችን ይጠቅመናል። የደቂቃ አንድ ሺኛ ክፍል በሰሜን ደቡብ 1.85 ሜትር ያህል ነው። በምሥራቅ ምዕራብ ያለው እንደ ኦስሎ ባሉ ከተሞች ወደ ግማሽ ይጠባል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 1.83 ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ስትቀየር በየትኛውም አቅጣጫ ሁለት እርምጃ ያህል ተራመድኩ ብሎ ማሰብ ይቻላል።

የወረቀት ካርታ ለሚወድ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው ባለ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ ግን ዓለም አቀፉን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ይጠቀማል። የአንዱን ቁጥር እንዳለ ለሌላው መስጠት ከመቶ ሜትር በላይ ያስታል። ቀያሾች ይህን ከዕለት ተዕለት ሥራቸው ያውቁታል፤ መፍትሔው መሣሪያው ላይ አንድ ምርጫ መቀየር ነው።

በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ ችግሩ ከላይ ነው። ምልክቱ ከመስታወት ሕንፃ ወደ መስታወት ሕንፃ እየነጠረ ስለሚደርስ፣ ሜዳ ላይ እስከ አምስት ሜትር የሚታመን ስልክ እዚህ ቀስቱን ከአንዱ የእግረኛ መንገድ ወደ ማዶው ያዘልለዋል። መፍትሔው ቀስቱን እየተከተሉ መሽከርከር አይደለም። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰማዩ ወደሚታይበት መመለስ፤ ከዚያ ከሁለት ከሦስት አቅጣጫ መጠጋትና መስመሮቹ የሚገናኙበትን ማየት። የመጨረሻው አሥር ሜትር ላይ ሲደርሱ ስልኩን ኪስ መክተት ነው። ከዚያ በኋላ «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብሎ ማሰብ እንጂ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ዋጋ የለውም። ባለሙዳይም ኮኦርዲኔቱን ሲወስድ እንደዚሁ በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ቢያወጣ ፈላጊን ከብዙ መንገላታት ያድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወደ አደባበቁ። ውጭ አገር የሚወደደው ሙዳይ የጥይት ሳጥን ነው፦ ብረት፣ ክዳኑ ጎማ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ። ቦሌ ላይ ግን አንድ ቀን የሚያድር አይመስለኝም። ቆራሌው አለ። ብረት ብረት ነው፤ «ለጨዋታ የተቀመጠ» የሚል ጽሑፍ ለእሱ ምኑ ነው? የሃይላንድ ጠርሙስም ቢሆን ሰብስቦ የሚሸጥ ሰው አለው። ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው ለማንም የማይሸጥ ነገር ነው፦ አውራ ጣት የምታህል፣ ክዳኗ በጥርስ የሚገጥም የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ወይም ከብረት አጥር ጀርባ በማግኔት የምትለጠፍ ሚጢጢ ዕቃ። ውስጧ ጥቅልል ወረቀት ብቻ በዚፕ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዚፑ ካልጠበቀ ሐምሌ ላይ መዝገቡ ሊጥ ይሆናል።

ከቆራሌው የሚበልጠው ግን የፍርሃት ጉዳይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሙዳይ ቦምብ መስሎ መንገድ ተዘግቶ በፈንጂ አምካኞች ወድሟል። ቦሌ ይህን ቀልድ አድርጎ የሚያየው ሰፈር አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሚጫወቱበት ዕለት፣ ፈንጂ ያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሰዎች እዚሁ ቦሌ በተከራዩት ቤት ፈንድቶባቸው ሞተዋል። እያንዳንዱ ሆቴልና የገበያ ማዕከል በር ላይ ፍተሻ ያለውም በከንቱ አይደለም። እና አጎንብሶ አጥር ሥር የሚዳብስ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ የሆነ ነገር የሚመልስ ሰው ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው። አየር ማረፊያው ዙሪያ፣ ኤምባሲ አጠገብ፣ ድልድይና የባቡር ሐዲድ ሥር፣ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሙዳይ አይቀመጥም። የጨዋታው ዓለም አቀፍ ደንብም ይህንኑ ነው የሚለው፤ እዚህ ግን ደንቡ ባይኖርም ያው ነው።

ለዚህ ነው በአዲስ አበባ ጥሩ ሙዳይ ማለት ሰው የማያውቀው ሳይሆን ትክክለኛው ሰው የሚያውቀው ነው የምለው። ደንቡ «የባለ ይዞታውን ፈቃድ ጠይቅ» ይላል፤ በእኛ ሰፈር ባለ ይዞታው በአካል የለም፣ ዘበኛው ግን አለ። ዘበኛው ጋሼ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጠው ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ የማን መኪና እንደቆመ ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ይህቺ ዕቃ ለጨዋታ ናት፤ ይክፈቷት፣ ይዩዋት፣ አንዳንድ ሰው ሲፈልጋት ቢያዩ አይደንግጡ» ብሎ እጃቸው ላይ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሊስትሮው፣ የሱቁ ባለቤት በጊዜው ያውቃሉ፤ አለዚያም ሲጠራጠሩ ጋሼን ይጠይቃሉ። ፈላጊውም ቢሆን ሰላምታ ሰጥቶ ቡና አዝዞ ቢቀመጥ፣ ከሌባ አካሄድ ያንን የማይመርጥ ማን ነው? ዕቃዋ ላይ በአማርኛ ምንነቷን፣ የባለሙዳዩን ስልክና «አደገኛ አይደለም» የሚል ቃል መለጠፍ ግድ ነው። የቤተሰብ ግቢ ወይም ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ጋሼ ብቻ አይበቁም፤ ባለቤቱ ይጠየቃሉ።

ከተማዋ ራሷም አታስተማምንም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከመገናኛ እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ ያለውን መንገድ አጥሩንም፣ የእግረኛ መንገዱንም፣ የመብራት ምሰሶውንም ቀይሮታል። ሙዳይ የሚለጠፍበት አሮጌ አጥር ከዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚወጣ ሰው ገና የሚሠራ ሕንፃ አጠገብም ባያስቀምጥ ይሻላል። የተሻለው ምርጫ ወደ የካ ተራራ የሚወጣው የእግር መንገድ ነው፤ ባህር ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ክፍት ሰማይ። እዚያም ቢሆን ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም፣ የእረኛ መቀመጫ ድንጋይም አይነቀልም።

እዚያው ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። እንደ እኔ እዚያ ምንም ዕቃ መቀመጥ የለበትም። ቅርስ ነው፣ የጸሎት ቦታም ነው። ጨዋታው ለእንዲህ ያለው ቦታ «ምድር ሙዳይ» ልንለው የምንችል ዓይነት አለው። ዕቃ አይደበቅም፤ ፈላጊው ቦታው ድረስ ሄዶ ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር ለተጠየቀው መልስ ይሰጣል። ከአለቱ ላይ የሚታየውን ሳይነኩ ማየት ብቻ ነው፤ ለመግባት ደግሞ እንደ ማንኛውም ጎብኚ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ማስፈቀድ ነው።

አንድ ደንብ ለአዲስ አበባ በተለይ ይጠቅማል። ለጉብኝት የመጣ ሰው ደብቆት የሚሄደው ሙዳይ ተቀባይነት የለውም፤ ባለሙዳዩ በቅርብ ሆኖ መዝገቡ ሲሞላ የሚቀይር፣ ሲጠፋ የሚተካ መሆን አለበት። ሁለት ሙዳዮችም ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ከውጭ መጥቶ ሙዳይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ዘመድ ካለ፣ ባለሙዳይነቱን ሰፈሩ ውስጥ ለሚኖር የወንድም ወይም የእህት ልጅ ያስረክብ። ያ ልጅ ሰፈር ከቀየረ ዕቃዋን አንሥቶ፣ ጋሼን አመስግኖ፣ ከዝርዝሩ ላይ «ተነሥቷል» ብሎ መዝጋት ነው።