አባ ጊዮርጊስና ባላንጣዎቹ

አምቦ ያደገ ሰው የፍልሰታን ሌሊት ያውቀዋል። እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ ካህናቱ ሰዓታት ቆመዋል፤ ጉደርም ጊንጪም እንደዚሁ ነው። እኔ በልጅነቴ ዜማውን እየሰማሁ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር እንጂ ደራሲው ማነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድርሰት እንደሆነ የተረዳሁት ኋላ ነው።

ሰውየው የኖረው በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። አባቱ የቤተ መንግሥት ካህን ነበርና ልጁን ሐይቅ እስጢፋኖስ አስገባው፤ ሐይቅ ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገድሉ እንደሚተርከው ግን ልጁ ትምህርት አልገባው ብሎ ለዓመታት እህል እየፈጨ መነኮሳቱን አገለገለ። ፈተና ለወደቅን ሁሉ መጽናኛ ነው! በኋላማ የዐፄ ዳዊትን ልጆች እስከ ማስተማር ደረሰ ይላል።

ትልቁ የነገረ መለኮት ሥራው መጽሐፈ ምሥጢር ነው፤ በ1424 በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ተፈጸመ። በየበዓሉ እንዲነበቡ በተከፋፈሉ ድርሳናት ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስን፣ ሌሎችንም እየጠራ ይሞግታል። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አርዮስ የሞተው በ336 ነው፤ ንስጥሮስ በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው በ431። ከሺህ ዓመት በኋላ፣ ከእስክንድርያም ከቁስጥንጥንያም ርቆ የተቀመጠ መነኩሴ ከሙታን ጋር ምን አጣላው?

ባላንጣዎቹ ሁሉ ሙታን አልነበሩም እኮ! በዐፄ ዳዊት ቤተ መንግሥት ቢቱ የሚባል ሰው ነበር። ገድሉ እንደሚለው ጊዮርጊስ በሃይማኖት ክርክር ረታው፤ የተረታው ሰውዬ ግን ቂም ይዞ ለንጉሡ ከሰሰውና ጊዮርጊስ ታሰረ። ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሊቅ እስር ቤት ገባ ማለት ነው። የተፈታው ዐፄ ዳዊት በ1413 ካረፉ በኋላ ነው።

መጽሐፉን ሲጽፍ ታዲያ ቢቱን ከነአርዮስ ተርታ አሰልፎ ለብቻው ድርሳን ሰጠው። መሣሪያው አሮጌ ነበር፤ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ቄርሎስ የተባለው መጽሐፍ የኤፌሶንን ክርክር ይዞ በየገዳሙ ይነበብ ነበርና። ለኔ የሚገርመኝ ይኸ ነው፦ የሩቅ አገር ጥንታዊ ሙግት ለጊዮርጊስ የጎረቤት ጠብ ሆኖ መገኘቱ። ሁሉን እያደነቅሁ ግን አላልፍም፤ እሱም በተራው ባላንጣውን ከመናፍቃን መዝገብ ውስጥ ከተተ። ብዕር ነበርና የያዘው ጉዳቱ ቀላል ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የእስጢፋኖስ ተከታዮች መነኮሳት የገጠማቸው ግን ጅራፍና ሞት ነበር።

መጽሐፈ ምሥጢር በያዕቆብ በየነ አዘጋጅነት ከጣሊያንኛ ትርጉም ጋር በ1990ና በ1993 ሉቨን ላይ ታተመ። አምቦ ላይ እናቶች የሚያውቁት ግን ያንኑ የሌሊቱን ሰዓታት ነው።